ከነዣንጥላው የተረከብኩት ቤት

ቤት መግዛት ኃላፊነት አለው ሲሉኝ የባንክ ብድሩ ብቻ መስሎኝ ነበር። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ገዝቼ በገባሁ ማግስት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ዣንጥላ ይዘው መጡ።

«እንኳን ደስ ያለህ! ባለቤት ስንጠብቅ ኖረናል» ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። የእኔ መታጠቢያ ቤት ውሃ በእሳቸው ሽንት ቤት ጣሪያ በኩል ይንጠባጠባል፤ ልክ መቀመጫው ላይ።

«ካንተ በፊት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ተከራዮች ‹ባለቤቱን ጠይቁ› ይሉን ነበር» አሉ ሚስታቸው። «እሳቸው እዚያ ተቀምጠው ጋዜጣ ስለሚያነቡ ዣንጥላውን የምይዘው እኔ ነበርኩ።»

«ነገ ቧንቧ ሠራተኛ አመጣለሁ!» አልኩ።

«ነገስ ደግ ነው። ዛሬስ?» አሉ ጋሽ ታደሰ ቀበቷቸውን እየፈቱ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዣንጥላውን ዘረጋሁ።

«የዕድሜና የጤና ቤት ያድርግልህ!» ብለው ከሥር መረቁኝና ጋዜጣቸውን ገለጡ።