ሰማንያ ቀን ያልሞላት

ዛሬ ቡሬ ባለው ሱቄ አንዲት እናት ለልጇ ክርስትና የማዕተብ ክር ስትገዛ፣ “ልጅቱስ ደኅና ናት?” አልኳት።

“ክር ሻጭ ነህ ሐኪም?” ብላ ሳቀችብኝ።

ልጅ ሳለሁ እህቴን በተወለደች በሰባኛ ቀኗ ትኩሳት ያዛት። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነውና አባቴ “አስር ቀን እንጠብቅ” አለ። እሷ ግን ሦስት ቀን እንኳ ሳትቆይ ሞተች።

የነፍስ አባታችን ሲደርሱ፣ “ለታመመ ሕፃን ቀን አይጠበቅም’ኮ! ምነው ሳትጠሩኝ?” አሉ።

“ሕጉን እንዳናፈርስ ብለን ነው፣ አባ” አለ አባቴ።

“ልጄ፣ ሕጉንም እግዚአብሔር የሰጠን ከቸርነቱ ነው።”

እናቴ ከጥግ ቀና ብላ፣ “ታዲያ ቸርነቱ ላልተጠመቀችው ልጄ አሁን ይደርስላታል?” አለቻቸው።

አባ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ለገበያተኛ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ለእናቴ ግን ይኸው ሸብቼም አላገኘሁላት።