አንድም ያለው ሰው

ባሕር ዳር ውስጥ መንግሥት በወረሰው ትንሽ የዘይት መጭመቂያ ታይፒስት ነበርሁ። የኑግ ሽታ ልብሴን፣ ጸጉሬን፣ የምተይበውን ወረቀት ሳይቀር ይዞት ይውል ነበር። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ይጠፋና ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ለውይይት ክበብ ይሰበሰባል። ካድሬው ያስተምራል፤ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ እኮራበትም ነበር።

በዚያ ዓመት የምንማረው ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ነበር። ትምህርቱ አጭርና ግልጽ ነው። የጦርነት ሥሩ የግል ሀብት ነው፤ የግል ሀብት ሲነቀል ጦርነትም ይደርቃል፤ እስከዚያው ድረስ ለጭቁኑ የሚደረግ ጦርነት ሁሉ ፍትሐዊ ነው። ሌላው ሠራተኛ ያንቀላፋል። እኔ ግን አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ነበረ፤ ደብዳቤው ከቀረ አምስት ወር አልፎታል። እናቴ ስለት ነበራት፣ እኔ ደግሞ ይህ ትምህርት ነበረኝ። ወንድሜ ቢሞት እንኳ ሥር ሲነቅል ነው የሞተው እያልሁ ራሴን አጽናና ነበር። ሰው ጦርነትን በንድፈ ሐሳብ የሚያምንበት ይመስለዋል፤ እኔ ያመንሁበት በፍርሃት ነው። ያንን መጽናኛዬን የሚነካ ቢመጣ ዓይኑን ከማውጣት አልመለስም ነበር።

የነካብኝ የመጭመቂያው መካኒክ ነው። የዘጌ ሰው፣ የመጽሐፍ መምህር ልጅ፣ ራሱም በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ። ጥያቄ ያለው ካለ ሲባል ተነሣ። ዘይት የነካ እጁን በቱታው ጠረገና በአባቱ ጉባኤ ፊት እንደቆመ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። በመጀመሪያ ካድሬው ያስተማረውን አንድ ቃል ሳያጎድል መልሶ ተናገረው። «ይህ ደኅና ነው፤ ይታመናል» አለ። ከዚያ ቀጠለ።

«አንድም፣ መሬቱም መጭመቂያውም የሕዝብ ከሆነ ሰነበተ። ሥሩ ተነቅሏል ማለት ነው። ጦርነቱ ግን ይኸው ባሰበት። ከማዶ የሚዋጋውም ገበሬ፣ ከዚህ የሚሄደውም ገበሬ። እንግዲያ ሥሩ ሀብት ሳይሆን፣ እኔ ያልሁት ብቻ ይሁን ማለት ቢሆንሳ?»

የቤተ ክህነት ልጅ ይህን ነገር ያውቀዋል። በመጽሐፍ ቤት አንድ ንባብ ይተረጎማል፤ ቀጥሎ «አንድም» ይባልና ሌላ ትርጓሜ ይጨመርበታል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያፈርሰውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። ተማሪው አንድም ባለ ቁጥር መምህሩ ደስ ይለዋል። ይህ ሞኝ ካድሬውን እንደ አባቱ ቆጠረው።

ካድሬው ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ የመጽሐፍ ቤት ወግ የማያውቅ ነበር። ግራ ገባውና ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ፣ ይኼ ጥያቄ ነው ወይስ አቋም? ምን ብለሽ ትይዥዋለሽ?»

እኔ አውቅ ነበር። አያቴ ቄስ ነበሩ፤ አንድም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጥያቄ ነው ብል ኖሮ ካድሬው አንድ ነገር መልሶ ያልፈው ነበር፤ ሞተሩም ይነሣ ነበር።

«አቋም ነው» አልሁ።

ጻፍሁትም። «ይታመናል» ያለውን የፊተኛውን ተውሁት፤ ከአንድም ወዲያ ያለውን ብቻ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ አሰፈርሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዘማቾች ዝርዝር በሩ ላይ ተለጠፈ። የእሱ ስም ከሁሉ በላይ ነበር። ሠራተኞቹ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ወደየሥራቸው ገቡ። እሱ ግን ስሕተት መስሎት ቢሮዬ መጣ።

«እኅቴ፣ አንችማ ታውቂዋለሽ፤ አንድም ነው ያልሁት። ለካድሬው አስረጅልኝ። ሁለት ሕፃናት አሉኝ።»

«ግንባር ስትደርስ ለጥይቱ ተርጉምለት» አልሁት።

ወዲያው አልገባውም። ቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ሞከረ። ፊቴን አየና ወጣ።

በወሩ የወንድሜ ደብዳቤ ደረሰ። ደኅና ነኝ፣ ካልሲ ላኩልኝ ይላል። ስለ ሥር መንቀል የጻፈው ነገር አልነበረም። አንብቤ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ከፍልሰታ በፊት የመካኒኩ መርዶ ዘጌ ገባ። ጾሙ እንደ ተፈታ አባቱ በታንኳ ተሻግረው መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ በነጠላቸው ጫፍ ጥቂት ሎሚ ቋጥረዋል። ሎሚውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱት፤ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው ብለው።

«ልጄ፣ ያን ቀን የተናገረውን የጻፍሽ አንች ነሽ አሉኝ። ሬሳውን አላገኘሁም፤ ቃሉን እንኳ ልስማው።»

መዝገቡን አውጥቼ አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ተማሪ ትምህርቱን ሲደግም እንደሚሰማ መምህር አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ «ጎሽ» አሉ በቀስታ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የፊተኛውስ? አንድም ከማለቱ በፊት ያለውስ? የፊተኛውን ሳይቀበል አንድም የሚል ሥርዓት የሌለው ደፋር ነው። እኔ እንዲያ አላስተማርሁትም።»

የወንድሜ ደብዳቤ ከጉልበቴ በላይ፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር። የምፈራው ነገር አልነበረኝም። ካድሬውም በዚያ ቀን አልነበረም።

«አላለም፣ የኔታ» አልኋቸው። «በአንድም ነው የጀመረው።»

 እጃቸው ሎሚዎቹን ይዳብስ ነበር።

«እንግዲያ ሳላስተምረው ነው የሰደድሁት። የገደልሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አይደለም ማለት ይቻለኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው እስኪነሡ፣ በሩን አልፈው ወደ ሐይቁ እስኪወርዱ ድረስ መዝገቡ ላይ አቀርቅሬ ቆየሁ። ሎሚውን ለእናቴ ወሰድሁላት።

የኔታ ወንበራቸውን አጠፉ። የገዛ ልጁን ያላስተማረ የሌላውን ልጅ አያስተምርም ብለው ደቀ መዛሙርቱን አሰናበቱ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሲሉ የሰማቸው የለም። ይህን የሰማሁት ወንድሜ በደኅና የተመለሰ ዕለት፣ ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ ከአንድ የዘጌ ሰው አፍ ነው። እናቴ እልል በይ እንጂ ምን ነካሽ አለችኝ። እልል አልሁ።