ፈረሴን ያስበረገገ ኮሎኛ

ዛሬ የጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ሜዳ ላይ፣ በፈረሰኞች በዓል፣ የገዛ ፈረሴ ሕዝብ ፊት አላውቅህም አለኝ።

ጥፋቱ የእህቴ ባል ነው። አዲስ አበባ የመንግሥት ጸሐፊ ከሆነ ወዲህ አፍንጫው ከሰው በላይ ሆኗል።

ትናንት ዳንግላ ድረስ ጎትቶ ወሰደኝና ሱቅ ውስጥ የሽቶ ጠርሙስ እያስከፈተ አስሸተተኝ። እኔ ሎሚ ሎሚ የሚለውን መረጥሁ።

"ይኸማ የሕፃን ነው! መኳንንቱ የሚቀቡት ይኸን ነው" ብሎ ከሁሉ ውድ የሆነውን የፈረንሳይ ኮሎኛ አስገዛኝ። "ነገ የምታጫት ልጅ አባት ያይሃል። ፈረስ ፈረስ እየሸተትህ ሚስት ልታገባ ነው?"

ዛሬ ጠዋት አንገቴም ጋቢዬም ላይ ራሱ አርከፈከፈብኝ።

ፈረሴን ቦራን ከውርንጭላነቱ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ስቀርበው አሸተተኝና በረገገ። እርካብ ስረግጥ አቧራው ላይ ጣለኝ። ጓደኞቼ እየጋለቡ አለፉ።

(ንቦቹ ግን ወደውኛል፤ እስካሁን ከጆሮዬ አልተለዩም።)

የእህቴ ባል ምን ቢል ጥሩ ነው? "ፈረሱ ባላገር ስለሆነ ነው!"

የልጅቱ አባት ቆመው ያዩ ነበር። "ፈረሱ ያላወቀውን ሰው እኔ በምን ልወቀው?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ወዳጆቼ፣ በሰው አፍንጫ ተመርቶ ጉድ የሆነ ሌላ ካለ ይንገረኝ፤ ብቻዬን አልሁን።

ጠርሙሱን አልጣልሁትም። የእህቴ ባል ነገ ማለዳ ይመለሳል፤ በቅሎውን የምጭንለት እኔ ነኝ።