የሀምዳ ሦስተኛ ሰሌዳ

ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ሳይንስ ከሚማሩት መካከል የአፋር ልጅ ሀምዳ ብቻ ነበረች። ግቢው አፋር መሬት ላይ ቆሞ የአፋር ልጅ በውስጡ እንግዳ መምሰሏ ይገርማል። እጇን ስታወጣ እንኳ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያታል። እንደዚያ መታየት ያሰለቻል።

ዘንድሮ ግን አንድ የመሀል አገር ዩኒቨርሲቲ ከግቢው ጋር ተፈራርሞ፣ ከአርብቶ አደር ልጆች አንድ ሰው ወስዶ ዓመት ሙሉ በላብራቶሪው ምርምር ሊያሠራ ወሰነ። ሀምዳ ይህን ዕድል እንቅልፍ እስክታጣ ተመኘችው። ለመወዳደሪያም ጀሶ ከዘንባባ ቃጫ ጋር ለውሳ ሙቀት የሚከላከሉ ሦስት የኮርኒስ ሰሌዳዎች ሠራች። ከሦስቱ ሁለቱ ጠነከሩ፤ ሦስተኛው ፀሐይ ሲመታው ለሁለት ተሰነጠቀ።

መምህሯ ፍሬምናጦስ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ይቸኩላል። ከዩኒቨርሲቲው ሊመርጡ የሚመጡት እንግዶች ሲደርሱ ሁለቱን ብቻ አሳዪ፣ አንቺ ከወደቅሽ ከኋላሽ ለሚመጡትም በሩ ይዘጋል አላት። ከደግ ሰው አፍ የወጣ መጥፎ ምክር እምቢ ለማለት ያስቸግራል። እሺ አለች።

ቅዳሜ አዋሽ ወዳሉት ቤተሰቦቿ ስትሄድ አውቶቡሱ ገዋኔ ቆመና አጎቷን ያዮን አገኘችው። አፋርና አፋር ከተገናኘ ዳጉ አይቀርም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። በዳጉ የዋሸን ሰው ደግሞ ዳግመኛ የሚሰማው የለም። ያዮ ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት የጠነከሩትንም የተሰነጠቀውንም ነገረችው። ሌላ ምን ታድርግ?

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በአፋር መንገድ ግን ማደርም አያስፈልገው።

ሰኞ እንግዶቹ ገቡ። መሪያቸው ዶክተር አስካለማርያም ሁለቱን ሰሌዳዎች በጣታቸው እያንኳኩ አዩና ሦስተኛው የት እንዳለ ጠየቁ። ፍሬምናጦስ የሚገባበት ጠፋው። ለካ ሾፌራቸው አፋር ኖሮ፣ ገዋኔ ሻይ ሲጠጣ ወሬውን ከነስንጥቁ ተቀብሎ መንገዱን ሙሉ ሲተርክላቸው ነው የመጣው።

ሀምዳ ዕድሏ እንዳመለጣት ተሰማት። ከራሷ ይልቅ ግን መምህሯ አሳዘናት።

“ለመደበቅ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ” አለች። “አጎቴን ግን መዋሸት አልቻልኩም።”

አስካለማርያም ሰሌዳው ለምን እንደተሰነጠቀ ጠየቋት።

“አላውቅም። ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።”

“እንግዲያው የዓመቱ ሥራሽ እሱ ነው” አሏት።

ሀምዳ ማለፏ የገባት ፍሬምናጦስ ዓይኑን ሲጠርግ አይታ ነው።