ሃያ አራት ኳስ

ሜልበርን ስድስት ዓመት ኖሬ ክሪኬትን የማውቀው ቻናል ስቀይር ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሜዳ ላይ ዝም ብለው የቆሙ ይመስለኝና አልፋቸዋለሁ። ስለዚህ የምሠራበት ክሊኒክ ኃላፊ አንድ ሰኞ ጠዋት ጠርታኝ፣ «ከውጭ የመጣ የሴቶች ክሪኬት ቡድን አለ። ፊዚዮቴራፒስታቸው እናቷ ታመውባት ወደ አገሯ ተመልሳለች። ለቀሩት ሁለት ጨዋታዎች አንቺ ትሸፍኛለሽ?» ስትለኝ፣ እሺ አልኳት።

የፊዚዮቴራፒ ሥራ ፈቃዴን ካገኘሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አዲስ አበባ የተማርኩት እዚህ እስኪጸድቅልኝ፣ ፈተናውንም ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው እስካልፍ ድረስ፣ ፍሌሚንግተን ሰፈር ያሉት ፎቆች ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ አጥብና አለብስ ነበር። ሰው ሕመሙን እንዴት እንደሚደብቅ ያየሁት እዚያ ነው።

ቡድኑ የቆመው በአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ነበር። በክሪኬት አብዛኛው ሰው ወይ ኳስ በመወርወር ወይ በመምታት ነው የሚታወቀው። እሷ በሁለቱም አንደኛ ነበረች፤ እንዲህ ያለውን ተጫዋች ኦልራውንደር ይሉታል። ከአገሯ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ገና እንዳየችኝ «ዲዲ» አለችኝ፤ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነበር፣ እኔም በአነጋገሬ፣ እሷም በአነጋገሯ።

ማክሰኞ ከልምምድ በኋላ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ሲፈቱ፣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ አንዱን ጫማ በሌላው እግሯ እየረገጠች ስታወልቅ አየኋት። ፍሌሚንግተን የምንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ ወገባቸውን ላለማጠፍ ልክ እንዲህ ነበር የሚያወልቁት። ወደ ሕክምና ክፍሉ ጠራኋትና በሆዷ አስተኛኋት። ከአከርካሪዋ በስተግራ፣ ወገቧ ላይ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ አልጮኸችም፤ መተንፈስ ግን አቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እስቲ ተነሺ። በግራ እግርሽ ብቻ ቁሚ። አሁን ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ዘንበል በዪ።»

ትንሽ ዘንበል እንዳለች እጄን ለቀም አደረገችው። ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

«አጥንትሽ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል» አልኳት። «መታየት አለብሽ። እስከዚያ መወርወር የለም።»

«ዲዲ፣ በፈጠረሽ አትጻፊው። የነገውን ጨዋታ ብቻ። ከዚያ የፈለግሽበት ውሰጂኝ። አባቴ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቤት ሰብስቦ ነው የሚያየኝ። ቦታዬን ብለቅ ደግሞ የምትጠብቅ ሌላ አለች።»

ይህን እየተባባልን አሠልጣኙ በሩን ከፈተ። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። «እንዴት ናት?» አለኝ። ልጅቷ አላየችኝም፤ ወለሉን ነው ያየችው።

«ጡንቻዋ ትንሽ ተይዟል» አልኩ።

አዘንኩላት ብል ግማሹን መናገር ነው። ፈርቼም ነበር። ግምቴ ስህተት ቢሆንስ? ክሪኬት የማታውቅ ጀማሪ መጥታ ኮከባችንን ከጨዋታ አስቀረችብን ቢሉስ?

ዌስት ፉትስክሬይ ያለው ቤቴ ገብቼ እራት ስንበላ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ስሟን ሳልጠራ።

«ለአሠልጣኙ ለምን አሁኑኑ አትደውዪለትም?» አለኝ።

«ተሳስቼ ቢሆንስ?»

«ልክ ሆነሽ ቢሆንስ?»

ስልኩን አነሳሁ። የአሠልጣኙን ቁጥር አውጥቼ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ጌታ ሆይ፣ የተሳሳትኩት እኔ ልሁን ብዬ ጸለይኩ። ሙያተኛ እንዲህ ብሎ ሲጸልይ ያሳፍራል።

ረቡዕ ነፋሱ የተመልካቹን ባርኔጣ እያወለቀ፣ ፀሐይና ካፊያ እየተፈራረቁ ጨዋታው ተጀመረ። በዚህ ዓይነቱ አጭር ጨዋታ አንድ ወርዋሪ ቢበዛ ሃያ አራት ኳስ ነው የምትወረውረው፤ ይህን ጠዋት ላይ አጣርቼ ነበር። የሜዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ መቁጠር ጀመርኩ። እየሮጠች ትመጣለች፣ ትዘላለች፣ ግራ እግሯ መሬቱን ይመታል፣ ወገቧ ይጠመዘዛል። አንድ። ሕዝቡ የሚያየው ኳሱን ነው፤ እኔ የማየው ያንን አውራ ጣቴን ያሳረፍኩበትን ቦታ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆመች። አሠልጣኙ ዞሮ አየኝ። ተነስቼ ግማሽ እርምጃ ሄድኩ። እሷ በእጇ ተመለሺ አለችኝ፤ ተመለስኩ። ሃያ አራቱንም ወረወረች። ከዚያ ደግሞ የመምታት ተራዋ ሲደርስ ወጥታ መታች፤ ቡድኑም አሸነፈ። የጨዋታው ኮከብ ተብላ ዋንጫ ስትቀበል ፈገግታዋ ካሜራውን ሁሉ ሞላው።

ወደ ሆቴል ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ይዘፈን ነበር። እሷ የወንበሩን ጫፍ ይዛ መንገዱን በሙሉ ቆማ ሄደች። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«ዲዲ፣ መቀመጥ አልቻልኩም» አለችኝ በሹክሹክታ።

እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ለክሊኒካችን የስፖርት ሐኪም ደወልኩ። በነጋታው ጠዋት ፉትስክሬይ በሚገኝ ምርመራ ቤት ኤም አር አይ ተነሳች። ውጤቱ እስኪመጣ የት እንደምወስዳት ግራ ገብቶኝ፣ የማዘወትረው የአገሬ ሰዎች ምግብ ቤት ይዣት ገባሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው።

«ምነው ልጅቱ አትቀመጥም?» አሉኝ።

«ወገቧን አሟት ነው፣ እትዬ።»

ሌላ አልጠየቁም። ባንኮኒያቸው ላይ የነበረውን ዕቃ ገለል አድርገው ሽሮውን እዚያው አቀረቡልን፤ ቆመን በላን። የእሷ እጅ ከእኔ ይልቅ ፈጠን ያለ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ሐኪሙ የደወለው ያኔ ነው። አጥንቱ በግራ በኩል ተሰንጥቋል፤ ገና አልተለያየም። ለብዙ ወራት መወርወርም መምታትም የለም።

«ትናንት መጫወቷ አባብሶት ይሆን?» አልኩት በእንግሊዝኛ፣ እየሰማችኝ።

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አሁን ማወቅ አይቻልም» አለ።

አላለቀሰችም። ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፤ አባቷ ጋ ስትደውል በመስታወቱ አየኋት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «መጀመሪያ የጠየቀኝ መራመድ ትችያለሽ ወይ ብሎ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሆቴሉ ድረስ አላናገረችኝም።

አሠልጣኙን ሆቴሉ መግቢያ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት።

«ጡንቻ ነው ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ዋሽቼዎት ነው። ማክሰኞ ጠርጥሬ ነበር።»

ይጮህብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ማክሰኞ ብትነግሪኝ አላሰልፋትም ነበር። እኔ ራሴ በዚያ ዕድሜ ወገቤን ሰብሬ ነው መጫወት ያቆምኩት» አለ። ከሁሉም ያመመኝ ይህ ነው። ያን ሁሉ የፈራሁት ሰው፣ ብነግረው ኖሮ ይሰማኝ ነበር።

በመጨረሻው ጨዋታ ተሸነፉ። እሷ ሜዳው ዳር ምንጣፍ ላይ በጎኗ ተኝታ አየች። ውሃ ባቀብላት ተቀብላ ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች።

አሠልጣኙ ለክሊኒኩ ጻፈ። ኃላፊዋ እስክትጠራኝ ድረስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ በእነዚያ ቀናት ስልኬ በጠራ ቁጥር ወደ ፍሌሚንግተን ሥራዬ የተመለስኩ ይመስለኝ ነበር። የሆነውን በእጄ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ለሦስት ወር የማደርገውን ሁሉ ሌላ ባለሙያ እየተከታተለኝ እንድሠራ ተወሰነ። ፈቃዴ አልተነካም።

ከዓመት ገደማ በኋላ ከእሷ ቪዲዮ መጣልኝ። ልምምድ ላይ ኳስ ስትመታ ነው፤ መወርወር ገና አልተፈቀደላትም። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ዲዲ፣ አሁንም ትንሽ አኩርፌሻለሁ። ስለተናገርሽ ይሁን ቀድመሽ ስላልተናገርሽ አልለየሁትም።»

ልክ ነሽ ብዬ መለስኩላት። ትንሽ ቆይታ ሌላ መልእክት ላከች፦ «አዲስ ወደ ቡድናችን የመጣች ልጅ የጉልበቷን ሕመም እየደበቀች ነው። እኔን ብቻ ነው የነገረችኝ። ምን ላድርግ?»

ትራም ላይ ነበርኩ። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወርጄ ደወልኩላት።