የከርከሮው የመጨረሻ ምግብ

እኔ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሰው ጥርሱን ሲያስጸዳ ደስ ይለኛል። ታላቅ እህቴ ግን የምትመረምረው፣ ከሞቱ ስንትና ስንት ዘመን ያለፋቸውን አውሬዎች ጥርስ ነው። የምትሠራው ሙዚየም ውስጥ፣ ከመጋዘኑ ጎን ባለች፣ መስኮቷ የመኪና ማቆሚያውን ብቻ በሚያሳይ ጠባብ ክፍል ነው። ክፍሏ ሁሌም አቧራ አቧራ ይሸታል። እናታችን ሥራዋን ለሰው ማስረዳት አቅቷት፣ «ትልቋ ልጄ ድንጋይ ትፈለፍላለች፣ ምን ላድርጋት!» ትላለች።

«እታለም፣ ምናለ ነፍስ ያለው በሽተኛ ብታክሚ?» ስላት፣ «የኔዎቹ አይጮኹ፣ ቀጠሮ አያፈርሱ» ትለኛለች። ግትር ናት። አንዴ ከያዘች አትለቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንስሳ ሲያኝክ ምግቡ ጥርሱ ላይ ምልክት ይተዋል። ሣር ቀጫጭን ጭረት ያበዛል፤ የዛፍ ቅርፊትና ጠንካራ ፍሬ ደግሞ ጥቃቅን ጉድጓድ። በዓይን አይታይም፤ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። የፊተኛው ምልክት በኋለኛው እየተፋቀ ስለሚጠፋ፣ ጥርሱ ላይ የሚቀረው እንስሳው ሊሞት ሲል የበላው ብቻ ነው።

እህቴን ለዓመታት እንቅልፍ የነሳት አንድ የደረቀ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ላይ የብዙ እንስሳት አጥንት አንድ ላይ ተቀብሮ ተገኘ። ምን ፈጃቸው? ድርቅ ገብቶ፣ ሣሩ አልቆ፣ ቅርፊት ሲልጡ በረሃብ ነው ያለቁት? ወይስ ጠግበው ሳሉ ጎርፍ ደረሰባቸው? የሌሎቹን ጥርስ ውሃና አሸዋ ፍቆታል። ደህና የተረፈው የአንድ ከርከሮ መንጋጋ ብቻ ነበር፤ የዛሬው ከርከሮ ቅድመ አያት በሉት። እሱ ብቻ ነበር መልሱን የያዘው።

ያንን መንጋጋ ከድንጋይ ለማውጣት ክረምቱን ሙሉ በመርፌ ስትፈለፍል ከረመች። አንገቷ እስኪጣመም! አርብ ዕለት ጨረሰችና ደወለችልኝ። «ሰኞ ጠዋት የጥርሱን ልክ እንወስዳለን፤ ያንን የክሊኒካችሁን ሊጥ ይዘሽልኝ ነይ» አለች። እኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመሥራት የሰው ጥርስ ልክ የምንወስድበት ለስላሳ ነገር ለእሷም ይሆናታል፤ ጭረቱን ሳይነካ ቅጂውን ያወጣላታል። ድምጿ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብትሰሙት!

ሰኞ ስንደርስ መንጋጋውን የቆለፈችበት ቁም ሳጥን ባዶ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ ያለው የሙዚየሙ ኃላፊ ጋ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ ለሚመረቀው አዳራሽ ዕቃ ሲያሰባስብ ነበር የሰነበተው። ደረጃውን ሮጠን ወደ አዲሱ አዳራሽ ወጣን። መንጋጋው መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያብለጨልጫል። አጠገቡ የሙዚየሙ ቀለም ቀቢ ብሩሹን ይዞ ፈገግ ብሏል።

«እንዴት ነው እታለም? ደብዝዞ ነበር እኮ! በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ከዚያ ቫርኒሽ ደረብኩለት። አየሽ ሲያምር?»

እህቴ መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እኔ ግን አዳራሹን በጩኸት ቀወጥኩት። ኃላፊው ከረቫቱን እያስተካከለ ደረሰ።

«ምን ሆናችሁ ነው? ጥርሱ እንዳለ አይደል እንዴ? ምን ጎደለ?»

«የመጨረሻ ምግቡ ጎደለ» አለች እህቴ፣ እዚያው እንደተቀመጠች።

«ባለፈው ጥርስ ፍቃችሁ ከዱቄቱ ምግቡን አወቅን ብላችሁ አልነበር? እንደዚያ አድርጊያ!»

«ያ ዕድሜውን ሙሉ የበላውን ነው የሚነግረኝ፣ ጌታዬ። እኔ የምፈልገው ሲሞት ርቦት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ነው።»

«በይ እንግዲህ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ነገ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፤ ፊትሽን አስተካክይ።»

ፊትሽን አስተካክይ! ኧረ ጉድ ነው! ይህችን ተረት ደግሞ ሁሌ የሚተርታት ውሃውን የደፋው ሰውዬ ራሱ ነው። ቀለም ቀቢውን ልሰድበው ዞር ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። «ተይው፣ እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው» አለችኝ። ሰውዬው የጣቱን ቫርኒሽ በጨርቅ እየጠረገ፣ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ቆሟል።

በማግስቱ አዳራሹ ተመረቀ። ከመስታወቱ ሥር «ለምለም ሣር እየጋጠ በደስታ የኖረ ከርከሮ» የሚል የኃላፊው ጽሑፍ ተለጥፏል። በደስታ! ማን ነገረው? ከርከሮው ደውሎለት ነው?

እንግዳው፣ ሸበቶ ባለሥልጣን፣ ጎንበስ ብለው አዩት። «እንዴት ያምራል! በምን ሞተ?» ሲሉ ጠየቁ። ኃላፊው እህቴን ወደ ፊት ገፋ አደረጋት። «ባለሙያችን ያስረዱዎታል።»

«አናውቅም» አለች እህቴ። «ርቦት እንደሆነ ይህ ጥርስ ሊነግረን ነበር። እኛ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። ሌላ ደግሞ የለንም።»

«እህታችን ቀልድ ትወዳለች!» ብሎ ኃላፊው ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

«ለምን ታሸ?» አሉ እንግዳው።

ከበሩ አጠገብ የቆመው ቀለም ቀቢ፣ ለእሱ የተጠየቀ መስሎት፣ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«እርስዎ ሲመጡ እንዲያምርልዎ ነዋ፣ ጌታዬ።»

እንግዳው «ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው ወደሚቀጥለው መስታወት አለፉ፤ ሰዉም ተከትሏቸው አለፈ። እህቴ ብቻ እዚያው ቀረች።