ሳጥኑ አራት ሰዓት ላይ ታሸገ

ይህ የሆነው የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ገና አጽማቸው በቆመበት ጊዜ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን አላለፈም። እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ ጤነኛ ነው።

ቃሊቲ ላይ የሥራ ልብስና ጫማ እነግድ ነበር። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን መንገድ ላይ ጨርሻለሁ። ከሱቁ ጀርባ አራት ሴቶች ቱታ ይሰፉልኛል። ገበያው ሞቶ ስለነበር፣ አንድ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ ቱታ ለመግዛት ያወጣውን ጨረታ ካላሸነፍን እንደማሰናብታቸው ነግሬያቸዋለሁ። ትልቋ እትዬ ብርቄ፣ ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። "እንግዲህ አሳምረህ ጻፍላቸው" ብቻ አሉኝ።

ጨረታ ላይ አንድ ጠባይ አለኝ። ሰነዱን ሁሉ አስቀድሜ አስጽፋለሁ፣ የዋጋውን ሠንጠረዥ ግን ባዶ እተወዋለሁ። ዋጋው እስከ መጨረሻው ጠዋት ከጭንቅላቴ አይወጣም። አንድ ጊዜ ሰፈር ውስጥ ካለ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አስጽፌ፣ እኔ ሱቄ ሳልደርስ ዋጋዬ ተፎካካሪዬ ጋ ደርሶ ነበር። ሁለት ኮምፒውተር ገዝቼ አልማዝ የምትባል ጸሐፊ የቀጠርኩትም ለዚሁ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አልማዝ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የጨረታው ሳጥን የሚታሸገው አራት ሰዓት ነው። ሰነዱ ተከፈተ፣ አንድ ፊደል ግን አልጻፍ አለ። ከላይ ቀይ መስመር ወጥቶ የፕሮግራሙ ፈቃድ እንዳልተረጋገጠ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ እንደማይቻል ይናገራል። ሁለተኛውም ኮምፒውተር ያው። በእጅ የተሞላ ዋጋ ደግሞ ፋብሪካው አይቀበልም። ኦርጅናል ነው ተብሎ ከነካርቶኑ የገዛሁት ፕሮግራም ነው። ሰፈሩ ሁሉ በተገለበጠ ፕሮግራም ሲሠራ የከፈልኩት እኔ፣ ፈቃድ የለህም የተባልኩትም እኔ።

ለሸጠልኝ ለሳሪሱ ሳሚ ደወልኩ፤ ራሱን ኢንጂነር ብሎ የሚያስጠራ ነው። ስልኩን ለአልማዝ ሰጠኋት። አጥፍታ እንድታበራ አዘዛት፣ አደረገች። የኢንተርኔቱን ዕቃ ነቅላ እንድትሰካ አዘዛት፣ አደረገች። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር እንደገና አስመታት፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቀን ስንት እንደሚል ጠየቃት። ነገረችው። ማን እንደነካው ጠየቃት።

"ጋሽ ከድር ናቸው፣ ቅዳሜ" አለችው።

እውነት ነው፣ እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ በየደብዳቤው የፈረንጅ ቀን እየጻፈ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤዬን መልሶብኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጬ የሁለቱንም ኮምፒውተር ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር አዞርኩት። ወሩንም፣ ዓመቱንም፣ ሰዓቱንም። እዚህ አገር እስከኖረ ድረስ እንደኛው ይቁጠር ብዬ፣ ኮርቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሳሚም "ምንም እንዳትነኩ፣ መጣሁ" አለ።

የመጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። እስኪመጣ እትዬ ብርቄ በበሩ ብቅ እያሉ "አሁንስ?" ይሉኛል። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ታክሲ እቆጥራለሁ።

ገብቶ ስክሪኑን አየት አደረገ። "ጋሼ፣ ላይሰንሱ ሞቷል። አዲስ ነው የሚያስፈልግዎት፣ ለሁለቱም" አለኝ። ሁለቱ አዲስ የፈቃድ ካርዶች ቦርሳው ውስጥ ነበሩ። ዕድሜዬን የሸጥኩ ሰው ነኝ። የቸኮለ ገዢ ያገኘ ነጋዴ ፊቱ ምን እንደሚመስል በመስታወት አይቼዋለሁ። ግን ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ከፈልኩት። አልማዝን ውሃ አምጪልኝ ብሎ አስነሳት፣ ለእኔ ጀርባውን ሰጠኝ፣ በሁለት ደቂቃ ቀዩ መስመር ጠፋ። ተባረክ ብዬ መርቄ ነው የሸኘሁት። ይኼኛው ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ።

ዋጋውን ሞላን፣ አተምን፣ ማኅተም መታን፣ በኮንትራት ታክሲ በረርኩ። ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተውታል። ወርጄ ሮጥኩ። አዳራሹ ስገባ ሳጥኑ ታሽጓል። የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሰዓታቸውን አሳዩኝ፣ ስድስት ደቂቃ አልፎኛል። እርስዎን ባስገባ ሌላው ይከሰኛል አሉኝ፣ ልክ ናቸው። ፖስታዬን በብብቴ ይዤ ዋጋ ሲነበብ ቆሜ ሰማሁ። ያሸነፈው ዋጋ ከእኔ ዋጋ በላይ ነበር።

በዚያው ሳምንት አራቱንም ሴቶች አሰናበትኩ።

ከወር በኋላ አልማዝ መሳቢያ ስታጸዳ ሁለቱን ካርዶች አገኘቻቸው። ቁጥሩ እንደ ሞባይል ካርድ ተፍቆ ነው የሚነበበው። አንዱም አልተፋቀም። የኮምፒውተሩ ቀን ግን ወደ ፈረንጅ ተመልሷል። አላምንም ብዬ ወደ እኛ አዞርነው፣ ቀዩ መስመር መጣ። መለስነው፣ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ ፈቃዱ ገና ያልተሰጠ መስሎት ነው አለችኝ። ሳሚ ይህን ያወቀው ከሳሪስ ሳይነሳ፣ ገና በስልክ ነው።

ካርዶቹን ይዤ ሳሪስ፣ ሳሚ ሱቅ ሄድኩ። ካርዶቹን አየ፣ አላፈረም።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዝናብ ሲጥል ቦቲ ጫማ በስንት ነው የሚሸጡት?"

"ጨምሬ እሸጣለሁ" አልኩት። "ግን ለከፈለኝ ሰው ጫማ ነው የምሰጠው። አንተ ምን ሰጠኸኝ? በስልክ ቀኑን መልሱት ብትለኝ አራት ሴቶች እንጀራቸው ላይ ነበሩ።"

"ጨረታ መሆኑን መች ነገሩኝ?"

አልነገርኩትም። ጨረታ እንዳለኝ ለማንም አልናገርም። ገንዘቡን መለሰልኝ፣ እኔም ሌላ ቃል ሳልናገር ወጣሁ። የዚያን ቀን ንዴት ለሁለታችንም የሚበቃ ነበር፤ ድርሻዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለፈው ሰሞን ከቱሉ ዲምቱ በሚመጣ ሚኒባስ ላይ እትዬ ብርቄን አገኘኋቸው። በየኮንዶሚኒየሙ ልብስ እያጠቡ ነው የሚተዳደሩት። ያን ጊዜ በዋጋ ተበልጠን ነው ብዬ ነበር የነገርኳቸው፣ አሁንም ያንኑ አምነው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ሌላ ቀን ይሰጥሃል" አሉኝ። እውነቱን ሳልነግራቸው ወረድኩ።

ትንሹ ልጃቸው ማታ ማታ መጽሔት እንደሚያነብላቸው አጫውተውኛል። ይህንንም ያንብብላቸው።